ጠጠሪት በዚያ ክረምት የሄደችበት

ሰኞ፣ የካቲት 2

እሺ አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

ርእሰ መምህሩ የጠየቀኝ ቀላል ነገር ነው። በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ የትምህርት ቤታችን ካርታዎች ሁሉ ጠፍተዋል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ምስማር ብቻ ነው። ለክረምቱ የችግኝ ተከላ ልጆቹ የጅረቱን ዳር ስለሚተክሉ፣ «የጠጠሪትን ካርታና አጭር ታሪክ አንቺ ሥሪልን» አለኝ። «ከየት ትነሣለች፣ የት ትደርሳለች፣ ስሟ ከየት መጣ። ሦስት ገጽ ይበቃል። የጂኦግራፊ መምህርቷ አንቺ፣ የመርሳ ልጅም አንቺ።»

እምቢ ለማለት ምክንያት መስጠት ነበረብኝ። ምክንያቱን ደግሞ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጠጠሪት ትንሽ ናት። በበጋ ዶሮ ይሻገራታል። ከተራራው ወርዳ፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ አልፋ፣ ከከተማው በታች ትልቁ ወንዝ ውስጥ ትገባለች። እንግዳ ሰው ቢያያት «ይቺ ናት?» ይላል። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሬ አልተሻገርኳትም። ትምህርት ቤት የምሄደው በአስፋልቱ ድልድይ ዞሬ ነው። ሃያ ደቂቃ ይጨምራል። ባልደረቦቼ ለጤናዬ ብዬ የምዞር ይመስላቸዋል።

እህቴን ትርንጎን የወሰደቻት እሷ ናት። ትርንጎ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥር። ሬሳዋ አልተገኘም።

እናቴ ግን አልሞተችም ትላለች። መንገደኛ አግኝቶ ወስዶ አሳድጓታል፤ ሐራ ወይ ወልድያ ወይ ከዚያ ወዲያ ያለ አንድ ቤት ውስጥ ዛሬ የልጆች እናት ሆናለች። አባቴ እስኪሞት ድረስ ሐራ ገበያ እየሄደ ሲጠይቅ ኖረ። ስለዚህ በቤታችን ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም፣ ለቅሶ ተቀምጠን አናውቅም። እማ ስሟን ስታነሣ «ትርንጎ ጎመን አትወድም» ነው የምትለው። «አትወድም ነበር» ብላ አታውቅም።

የሚያስፈልጉኝ፦
ረጅም ሜትር፤ ከስፖርት መምህሩ።
ትልቅ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ።
ኮምፓስ፤ የትምህርት ቤቱ ጠፍቷል፣ ስልኬ ላይ አለ።
ምንጩን የሚያውቅ ሰው።
ልብ።

እማ ስገባ አየችኝና «ምን ሆነሽ መጣሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለችኝ። «የእረፍት ሥራ ሰጡኝ» አልኳት። ውሸት አይደለም። የምናገረው ውሸት አለመሆኑን በልቤ መቁጠር የቆየ ልማዴ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

እግሬ ተልጧል። ምንጩን ግን አየሁት።

የወሰዱኝ አባባ ሞላ ናቸው። የጠጠሪት የውኃ አባት ነበሩ፤ ለአርባ ዓመት ያህል ውኃውን ለየማሳው በተራ ሲያከፋፍሉ የኖሩ ሽማግሌ። አሁን ተራውን ለሌላ ሰጥተዋል። ዱላቸውን ይዘው ከእኔ ቀድመው ዳገቱን ወጡት፤ እኔ ሦስት ጊዜ ቆሜ ተነፈስኩ።

ምንጩ ከአንድ ጥቁር ድንጋይ ሥር ይወጣል። «ልጅ ሳለሁ እንደ ጭን ወፍራም ሆኖ ነበር የሚወጣ» አሉ። «አሁን አንጓዬን አያህልም። ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ ይጠጣዋል። መትከሉን እኔም ተክያለሁ፣ ማንን እከሳለሁ?» ከላይ ያሉ ሰዎች ጠጠሪት አይሏትም፤ ቀዝቃዚት ነው የሚሏት። ጠጠሪት የምትባለው ከተማው አጠገብ ስትደርስና ጠጠሩን ስታራግፍ ነው። «ስም እንደ ልብስ ነው፤ በደረሰችበት ትቀይራለች» አሉኝ። ጻፍኩት።

እየለካን ወረድን። የድሮው ወፍጮ ድንጋይ፤ አለ። ሁለት የመስኖ ቦይ፤ አንዱ ደርቋል። የብርቱካን ማሳዎች፤ ግማሾቹ ጫት ሆነዋል። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው መሻገሪያ ስንደርስ እኔ በአስፋልቱ ዞርኩ። አባባ ሞላ ለምን አላሉኝም። ማዶ ቆመው ጠበቁኝና፣ ስደርስ፣

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«የዚያች ሕፃን ምኗ ነሽ ታዲያ?»

«እህቷ ነኝ።»

ቁልቁል ወረድን። ከከተማው በታች፣ የመጨረሻው ማሳ ጥግ ያለው ትልቁ ሾላ ጋ ስንደርስ ግን ቆሙና መሬቱን በዱላቸው መቱት።

«እዚህ ላይ ነው የሰበረችው።»

«ማን?»

«ጠጠሪት ናታ። በዚያን ክረምት፣ እህትሽን በወሰደችበት ቀን። ዝናቡ ከላይ ተራራው ላይ ነበር፤ እዚህ ፀሐይ ነው። ደራሽ ውኃው ግንድ ተሸክሞ መጣ። ግንዱ እዚህ ጋ ተጋድሞ ዘጋት። እሷም ግራውን ሰብራ በእርሻው መሐል ሄደች። ክረምቱን በሙሉ በዚያ ነው የሄደች። ጥቅምት ላይ ወጥተን፣ በድንጋይ ከትረን መለስናት።»

«አባባ፣ እኛ የፈለግነው በቀኝ ነው። እስከ ትልቁ ወንዝ ድረስ። አገሩ በሙሉ በቀኝ ነው የፈለገው።»

«አውቃለሁ። እኔም ፈላጊ ነበርኩ።»

«ለምን በግራ አልሄዳችሁም?»

«ማሳ ለማሳ ተበትኖ የሚቀር መስሎን ነው» አሉ። «ሳስቶ የሚቀር። ያ ውኃ ሰው ያደርሳል ብሎ ማን አሰበ?»

ወደ ግራ አየሁ። ቁልቋል፣ አጥር፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ ዝም ያለ ዝቅታ። ምንም የለም። ግን ጆሮዬ ውስጥ ውኃ ይሄድ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ዛሬ የትም አልሄድኩም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ምንጩን ሣልኩ፣ ወፍጮውን ሣልኩ፣ ሾላውን ሣልኩ። ከሾላው በግራ በኩል እርሳሱ አልሄድ አለኝ።

እማ መጣችና ከላዬ ቆማ አየች። ማንበብ አትችልም፤ መሥመሩን ግን አወቀችው። «ውኃዋ ናት አይደል?» አለች። ጣቷን መሻገሪያው ላይ አሳረፈች። እንዴት አወቀችው? ምልክት አላደረግኩበትም ነበር። «የእርሻው መንገድ ይሄውና» አለች፣ ጣቷን እያንቀሳቀሰች። «ትርንጎ በዚህ ብቻዋን ስትመጣ መኪና ያለው ሰው አግኝቷት ይሆናል። ልጅ ስታዪ ወርደሽ ታነሻለሽ መቼም።»

ልጻፈው። ማንም አያነበውም።

ነሐሴ ነበር። እርሻው ላይ ላለው አባታችን ምሳ አድርሰን ሁለታችን እየተመለስን ነው። ፀሐይ ነበር። ተራራው ጠቁሯል፤ ልጅ ግን ተራራ አያይም። ጠጠሪትን እኔ ቀድሜ ተሻገርኩ። ትርንጎ ጫማዋን በእጇ ይዛ ማዶ ቆመች።

«ሙሉ፣ ነይ ያዢኝ» አለች።

«ፈሪ! ቁርጭምጭሚትሽን አይደርስም። ካልመጣሽ ትቼሽ ነው የምሄደው።»

ገባች። መሐል ስትደርስ ከላይ ድምፅ መጣ፤ ድንጋይ የጫነ መኪና ኮረት ላይ ሲንሸራተት ዓይነት። ቀና ብዬ አየሁት። አልጮህኩም። ወደ እሷ አልሄድኩም። ሽቅብ ሮጥኩ። ዞር ስል ቀይ ውኃ ብቻ ነበር።

ቤት ስገባ እማ «ትርንጎስ?» አለችኝ።

«ከእኔ ጋር አይደለችም። አባዬ ዘንድ ቀርታለች።»

አባዬ ሊመሽ ሲል ብቻውን መጣ። ከዚያ ወዲያ ነው ፍለጋ የተጀመረው። በማግስቱ አንድ ጫማ ዳር ላይ ተገኘና ሰው ሁሉ ውኃ ወስዷታል አለ። እማ ግን ጫማ ሰው አይደለም አለች። ልጄ ከአባቷ ዘንድ ብቻዋን ወጥታ መንገድ ጠፍቷት ነው አለች።

ይኸውና። የእናቴ ተስፋ በሙሉ የቆመው በእኔ ውሸት ላይ ነው። እውነቱን ስናገር የማፈርሰው የራሴን ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ ተናግሬው ነበር ብዬ አስባለሁ። ይሄም ውሸት ሊሆን ይችላል።

በሕልሜም በውኔም የምሰማው ጩኸት አይደለም። «ነይ ያዢኝ» ነው። በተራ ድምፅ። ምንም እንዳልተፈጠረ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ሰይድን ይዤ ሄድኩ። ሰይድ የታሪክ መምህራችን ነው፤ በእናቱ ወገን ከታች፣ ግራና ወደምትባለው ከተማ መሄጃ ላይ ካሉት መንደሮች ነው የሚወለድ። «የጠጠሪትን አሮጌ መሄጃ ልፈልግ ነው» ስለው ደስ አለው። «ድንጋዩን አንቺ ቁጠሪ፤ ወሬውን ለእኔ ተዪልኝ» አለ። ስለ እህቴ ግማሹን ብቻ ነገርኩት፤ ውኃ እንደወሰዳት። እሱም መቀለዱን ተወ።

ከሾላው በግራ ጀመርን። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ እርሻ ነው። በኋላ ግን ዓይን ይለምዳል። ማሳው መሐል ከሌላው ዝቅ ያለ መሥመር አለ፤ ጤፉ የታጨደበት ቃርሚያ እንኳ እዚያ ላይ ይለያል። ከቆርቆሮው ቤት ጓሮ የወንዝ ድንጋይ ክምር አገኘን፤ ክብ፣ ለስላሳ። የቤቱ ባለቤት «መሠረት ስቆፍር ነው ያወጣሁት፤ ወንዝ በሌለበት የወንዝ ድንጋይ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ» አለን። ሰይድ አየኝ። እኔ ድንጋዩን አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ፈፋ ይሆናል። ጥልቀቱ ወገቤ ድረስ፣ እሾህ የሞላው። ሰይድ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከእኔም ኋላ ሌላ ኮቴ ነበር። ትንሽ፣ ባዶ እግር፣ እኔ ስቆም የሚቆም። ሁለት ጊዜ ዞርኩ።

«ምን ጠፋብሽ?» አለ ሰይድ።

«ምንም» አልኩት።

ስድስት ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ቆጠርኩ። መጨረሻው ላይ ፈፋው በአንድ ትንሽ ውኃ ላይ ተከፈተ። አሸዋማ፣ ዳሩ ላይ ቁርቁራ የበቀለበት። አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች። ሰይድ ሰላም ካላት በኋላ የውኃውን ስም ጠየቃት።

«ሐሙሲት» አለች። ድሮ የሐሙስ ገበያ እዚህ ዳር ይቆም ስለነበር ነው አሉ።

ሐሙሲትን በስም አውቃታለሁ። ሌላ ውኃ ናት፣ ከጠጠሪት ጋር አትገናኝም ብዬ አስተምሬያለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት የማይነካኩ መሥመሮች አድርጌ ሥያታለሁ።

ሰይድ ስለዚያ ክረምት ጎርፍ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ሴትየዋ እጇን ከአረፋው አወጣች። «እሱን እማ ዘሀራ ናቸው የሚያውቁ። እንግዳይቱን ያገኙ እሳቸው አይደሉ?» አለች። ዛሬ ለቅሶ ሄደዋል፤ ነገ ከጁምዓ በኋላ ኑ አለችን።

እንግዳይቱ ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ሰይድም አልጠየቀም። በመጣንበት እስከ መንገዱ ተመለስን።

ዓርብ፣ የካቲት 6

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካልተነበበ ግድ የለኝም።

እማ ዘሀራ ቀጭን፣ ረጅም አሮጊት ናቸው። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሰይድ ዘመዳቸው ስለሆነ ነገሩን እሱ ጀመረው፤ ከላይ የመጣን ነን፣ በዚያ ክረምት ልጅ ጠፍቶባቸዋል አላቸው። ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነሣም።

«ያን ክረምት ሐሙሲት አበደች» አሉ። «ይሄን ያህል ውኃ ከየት እንዳመጣች እኛ አናውቅም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ብወጣ ቁርቁራው ሥር አስተኝታታለች። እንደ ተኛች ልጅ ነበረች ወላሂ። ፀጉሯ ላይ አሸዋ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አልነካት።»

የነጠላዬን ጫፍ ጨበጥኩ። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉና እጄን ያዙኝ። ግን አላቆሙም፤ ስላላቆሙ አመሰግናቸዋለሁ።

«አንገቷ ላይ ማተብ አየን። የክርስቲያን ልጅ ናት አልን። ባለቤቴ ሸሁ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ወደ ከተማ ሰው ላኩ። ወንዙ ሞልቶ መለሰው። በማግስቱም ላኩ፤ ያንንም መለሰው። እስከ መቼ ትቆይ? ክረምት ነው። አጠብኳት። በዚህ በእጄ። የእኔም ሴት ልጅ እኩያዋ ነበረች። ማተቧን ልፈታው ስል ሸሁ "ተዪው፣ የእሷ ነው" አሉኝ። ሶላት አልሰገድንባትም፤ ዱዓ አደረግን። ከመቃብራችን ጥግ ቀበርናት።»

«የምታስታውሱት ምልክት አለ?» አልኩ። ለምን ጠየቅኩ? ማወቁንስ አውቄ ነበር።

«የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ጥፍር የላትም።»

በሩ ቀጥቅጦት ነው። በሩን የዘጋሁባት እኔ ነበርኩ። ያንን ግን ያኔውኑ ተናግሬ ተገርፌያለሁ።

«እህቴ ናት» አልኩ። «ትርንጎ ናት ስሟ።»

እማ ዘሀራ ስሙን ሁለት ጊዜ በቀስታ ደገሙት። ከዚያ አለቀሱ፤ እኔ ሳላለቅስ እሳቸው አለቀሱ። «ለገበያ ሰው ልከን ነበር እኮ» አሉ። «ሐሙሲት ላይ የክርስቲያን ልጅ አግኝተናል፣ የጠፋበት ይምጣ ብለን። አንድም ሰው ሳይመጣ ቀረ። ሰው እንዴት ልጁን አይፈልግም ብዬ ስንት ዓመት ስቆጣችሁ ኖርኩ። አፉ በይኝ።»

እኔን ነው አፉ በይኝ የሚሉኝ።

መቃብሩ ትንሽ ነው። ዙሪያው ነጭ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ሣሩ በቅርቡ ተነቅሏል። ረመዷን ሳይገባ የዘመዶቻቸውን መቃብር ሲያጸዱ የእንግዳይቱንም አብረው ያጸዳሉ። በየዓመቱ። ሠላሳ አንድ ጊዜ። አጠገቧ የተቀበሩት ሸሁ ናቸው።

ስንመለስ ሰይድ «ለእናትሽ ማን ይነግራቸዋል?» አለኝ።

«እኔ።»

ከኋላዬ ኮቴ አልነበረም። ይሄ ያስደስተኛል ብዬ አስቤ ነበር። ይልቅ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ጠዋት ልነግራት ስል ጎረቤት መጣ። ቀትር ላይ ልነግራት ስል ራሴ ገበያ ሄድኩ፤ የማያስፈልገኝን ሽንኩርት ገዛሁ። መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ። ወጉን አውቃለሁ። ግን የእኔ መርዶ ብቻ አይደለም። ውሸቴም አብሮ አለ፤ ያንን በሽማግሌ መላክ አልችልም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነገርኳት። ሰኞ ጾም ስለሚገባ ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

«እማ፣ ትርንጎ አባዬ ዘንድ አልቀረችም ነበር። ከእኔ ጋር ነበረች።»

እጇ ቆመ። ፊቷን ግን አላነሣችም።

ሁሉንም ነገርኳት። ጫማዋን በእጇ መያዟን። ፈሪ ማለቴን። ድምፁን ሰምቼ ወደ ላይ መሮጤን። ግማሽ ቀን በእኔ ምክንያት መባከኑን። ከዚያ ሾላውን፣ ፈፋውን፣ ሐሙሲትን፣ ማተቡን፣ ጣቷን። ስጨርስ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የጎረቤት ሬዲዮ ብቻ ነበር።

የጠየቀችኝ ስለ እኔ አይደለም።

«ማን አጠባት?»

«እማ ዘሀራ የሚባሉ ሴትዮ።»

«በምን ውኃ? በብርድ ነው በሙቅ?»

«አልጠየቅኩም እማ።»

«ይጠየቅ» አለች።

ከዚያ ምስሩን ወደ መልቀም ተመለሰች። ለቀመች፣ ለቀመች። ድንገት ደግሞ አቆመችና «ሐሙሲት አልሽ?» አለች።

«አዎ።»

«አባትሽ ሰምቶ ነበር። ገበያ ላይ ወሬውን ሰምቶ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። ሐሙሲት የሌላ አገር ውኃ ናት፣ ከእኛ ጋር አትገናኝም ብለው መለሱት። እኔም አትልፋ አልኩት።»

ተነሥታ መኝታዋ ገባች። ሰፌዱ መሬት ላይ ቀረ። ለራት ጠራኋት፤ አልወጣችም። ነገ የጾም ዋዜማ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚበላበት ቀን። እኛ ቤት ማን እንደሚበላ አላውቅም።

ፎቅ ከሚያህል ነገር ሥር የወጣሁ ይመስለኛል። እሷን ግን ከሥሩ ትቻታለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ከቅዳሴ በኋላ እማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ለጎረቤት አትንገሪ። መጀመሪያ ልያት» አለች። ሰይድ ባጃጅ ይዞ መጣ። በመንገድ ሙሉ አላናገረችኝም፤ እሱን ግን «እናትህ ደኅና ናቸው?» አለችው።

እማ ዘሀራ ደጅ ወጥተው ጠበቁን። እናቴ ገና ስታያቸው ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ተሽቀዳድመው ደግፈው ያዟት። ሁለቱም አሮጊቶች ናቸው፤ አብረው ሊወድቁ ነበር። ሰይድ ደገፋቸው።

«በምን ውኃ አጠብሽልኝ?» አለች እማ።

«በለብታ። ብርድ ነበር፤ ልጅ በብርድ ውኃ አይታጠብም ብዬ እሳት ላይ አሞቅሁት።»

ያኔ ነው እናቴ የጮኸችው። ሠላሳ አንድ ዓመት የታፈነ ነው፤ ከእሷ የሚወጣ አልመሰለኝም። የመንደሩ ሴቶች ከየቤታቸው ወጡ። ስለ ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። «እንግዳይቱ እናት መጣላት» ሲሉ ሰማሁ። መቃብሩ ጋ ሁሉም በየአንደበታቸው አለቀሱ፤ እነሱም እኛም። እናቴ ነጩን ድንጋይ አንድ በአንድ ዳሰሰችው።

ትንሽ ሲረጋጋ እማ ዘሀራ እንዲህ አሉ። «ልጃችሁ ናት። ወደ ቤተ ክርስቲያናችሁ ልትወስዷት ከፈለጋችሁ ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ ቅር አይለንም። ከተዋችኋትም ጎረቤቷ እኔ ነኝ፣ ብዙም አልቆይ፣ አጠገቧ እመጣለሁ።»

እማ አፈሩን ስታይ ቆየች። «ከተኛችበት አልቀሰቅሳትም» አለች። «የታጠበችበት አገር ነው። ፍትሐቱን ቄሱ እዚያው በቤተ ክርስቲያናችን በስሟ ያድርሱልኝ፤ እግዜር የትም ይሰማል።»

ወደ ኋላ ቀረት ብዬ ቆምኩ። ማንም ነይ ወይም ሂጂ አላለኝም። ከመቃብሩ እስከ ውኃው ሰባ እርምጃ ነው። ቆጠርኩት፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ሁዳዴ ገባ። የቤታችን ግቢ ሰው ሞልቷል። ዕድርተኞቹ ድንኳን ተከሉ፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ነው ብሎ የተከራከረ የለም። አባባ ሞላ ከተራራው ድረስ በእግራቸው መጡ። እናቴን እጅ ነሥተው «እኔም በቀኝ ነው የፈለግኩ፣ ይቅር በይኝ» አሏት። «ሁላችንም በቀኝ ነው የፈለግን» አለቻቸው።

እኔ ከጓዳ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው ይሄን የምጽፈው። ካርታው አልቋል። ከምንጩ ቀዝቃዚት፣ ከከተማው ጠጠሪት፣ ከሾላው በቀኝ እስከ ትልቁ ወንዝ ሙሉ መሥመር። ከሾላው በግራ ነጠብጣብ መሥመር እስከ ሐሙሲት። ከሥሩ ጻፍኩ፦ «በአንድ ክረምት ክትሩን ሰብራ በዚህ ሄዳለች፤ ዳግም ልትሄድ ስለምትችል በዚህ መሥመር ላይ ቤት ባይሠራ።» የቆርቆሮውን ቤት ባለቤት በአካል ሄጄ እነግረዋለሁ። ርእሰ መምህሩ ሦስት ገጽ ብሎኝ ነበር። ሁለት ተኩል ሆነ። የቀረውን ግማሽ ለልጆች ማስተማሪያ መጻፍ አልችልም።

ሴቶቹ ለመጡት ሁሉ ትርንጎ እንዴት እንደሞተች ይናገራሉ። የእኔ ድርሻ በታሪኩ ውስጥ የለም። እማ አላወጣችውም። ለእኔ ብላ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

አሁን ገባች፤ የዓይኗን እንባ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ብዕሬን ጣልኩና እግሯን ያዝኩ።

«እማ፣ ይቅር በዪኝ።»

እግሯን አልነጠቀችኝም።

«እግዜር ይፍታሽ» አለች። «ልጅ ነበርሽ። እኔ ግን ገና ነኝ።»

ገና አለች። አልችልም አላለችም። ደጋግሜ እያሰብኩት ነው፤ አላለችም።

ከዚያ ፊቷን ወደ ድንኳኑ መለሰችና «ከሐሙሲት ሰዎች መጥተዋል፤ ከሩቅ ነው በእግር የመጡት። ተነሺ፣ ውኃ ስጪ» አለችኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ያዘዘችኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ልሂድ፤ ይጠብቃሉ።